በውሃ ልክ የተቃና ካሜራ

ሙሄዲን ሁለተኛውን ብሎን ሲያላላ ማቲዎስ እጁን ጨበጥ አድርጎ ያዘው።

«ይልቀቁት! ትናንት በውሃ ልክ ያስተካከልኩት ነው።»

«ያበላሸኸውም ትናንት ነው።»

የቆሙት ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነው። አጠገባቸው ካለው መሣሪያ የሚወጣው የሌዘር ጨረር ከቤቶቹ በላይ አልፎ ወንዝ ዳር የተተከለ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያርፋል። የወባ ትንኝ ጨረሩን ስታቋርጥ ብልጭ ትላለች። ካሜራው ይቆጥራታል። ብዙ ትንኝ የተቆጠረበት ሰፈር መድኃኒት ይረጭለታል። የሰፈሮቹ ዝርዝር በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ቆጠራ ተሠርቶ ሐሙስ ይዘጋል፤ ቀኑ ረቡዕ ነበር። የሙሄዲን ልጅ ጀሊላ የምትኖረው ወንዝ ዳር ነው። የስምንት ወር እርጉዝ ናት።

ማቲዎስ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ነው፤ ከመጣ ሳምንቱ። ሙሄዲን ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ደሴ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ፎቶ ቤት ነበረው። ሰርግ ሲያነሳ ሰዉን በአምስት ረድፍ ያቆምና የትልቁን ሳጥን ካሜራ ጀርባ ያዘነብል ነበር። ፊት የተቀመጠው ሚዜም መጨረሻ የቆመው አጎትም እኩል ጠርተው ይወጡ ነበር። ሰው ሁሉ በስልኩ ማንሳት ሲጀምር ፎቶ ቤቱ ተዘጋ፤ እሱም እዚህ ካሜራ ሊጠብቅ ተቀጠረ። የዚህ ካሜራ ብርሃን መቀበያም ሆን ተብሎ ዘንበል ተደርጎ የተገጠመ ነው። ጨረሩን ከጣሪያው አንስቶ እስከ ወንዙ አጥርቶ የሚያየው እንደዚያ ሲሆን ብቻ ነው። ማቲዎስ ግን ብሎኑ ላልቶ የተጣመመ መስሎት አቃናው።

«ወንዝ ዳር ትናንት ስንት ተቆጠረ?» አለ ሙሄዲን።

«ዜሮ።»

«ወላሂ፣ ትንኞቹ ለሽርሽር ሐይቅ ሄደው ይሆናላ!»

«ይቀልዳሉ? የሰርግ ፎቶ አንሺ ለኦፕቲክስ ምሩቅ ሊያስተምር!»

ሙሄዲን በነፃ እጁ ስልኩን አውጥቶ ሰሌዳውን ለሚጠብቀው ለገበየሁ ደወለ።

«ገበየሁ፣ ዱላህ ላይ ጨርቅ እሰርና ሰሌዳው ፊት ከፍ አድርገህ አወዛውዝ።»

«ሰው እብድ ነው ይለኛል እኮ።»

«ይበልሃ! አወዛውዝ።»

የካሜራው ስክሪን ላይ በወንዙ በኩል ጭጋግ ብቻ ነበር። ጨርቅ የለም። ማቲዎስ ወደ ስክሪኑ ሲጠጋ ሙሄዲን እጁን አስለቀቀ፤ ብሎኑን ፈቶ መቀበያውን እንደነበረው አዘነበለው። የጨርቁ ጫፍ ወዲያና ወዲህ ሲል ታየ። ፀሐይ እየጠለቀች ነው፤ በጨርቁ ዙሪያ ነጠብጣቦች ብልጭ ብልጭ ይሉ ጀመር።

«አየኸው?»

«ማን ፈቀደልዎ?»

«አየኸው ወይ ነው ያልኩህ።»

«ማን ፈቀደልዎ ነው ያልኩት እኔም። የብሎን መፍቻውን እዚያ ያስቀምጡና ይውረዱ።»

ሐሙስ ወንዝ ዳር ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። የፕሮጀክቱ ሪፖርት ስህተቱን ያረመው ማቲዎስ ነው ይላል። ሙሄዲን አርብ ጠዋት «ያለ ፈቃድ መሣሪያ በመነካካት» የሚል የስንብት ደብዳቤ ደረሰው። ጀሊላ ቤት መድኃኒት የተረጨው ሰኞ ነው።