እትዬ ዘሀራ ያልተቀመጡበት አልጋ

ባለፈው ሳምንት፣ ቧንቧ ውሃ ካለው ግቢዬ አንዷን ክፍል የተከራየችው ተማሪ በሬን አንኳኩታ «እትዬ ሉባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ክፍሉ ትኋን አለው» አለችኝ። አፌ ላይ የመጣው «አንቺ ይዘሽው መጥተሽ ይሆናል» የሚል ነበር። ደግነቱ ዋጥ አደረግሁት። ይህን ቃል እኔም ተብያለሁና።

ያኔ በወጣትነቴ ከአገሬ ከቦሩ ሜዳ ወርጄ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብቼ ነበር። ከጓደኛዬ ከሰዓዳ ጋር የተከራየናት የጭቃ ክፍል፣ አልጋችን ከገባባት በኋላ መላወሻ አልነበራትም። ግንቦት ላይ የኮምቦልቻ ሙቀት ቆርቆሮውን ሲያግለው፣ ትኋኑ ከግድግዳው ስንጥቅ ይፈላ ጀመር። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጣን፣ አልጋውን በፈላ ውሃ አጠብን፤ ወይ ፍንክች! ማሽን ላይ ቆመን እናንጎላጃለን።

ለአከራያችን ለእትዬ ዘሀራ ብንነግራቸው «ቤቴ ንጹሕ ነው፤ ከአገራችሁ ያመጣችሁት ነው» አሉን። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። እኛም በንዴት ኪራይ አንከፍልም አልን፤ እሳቸውም ውጡልኝ አሉ። ከዚያ ከወጣን በደመወዛችን ሌላ ቤት አይገኝም፤ ሥራውን ትቶ አገር መግባት ነው። እኔ ደግሞ ብሞት አልመለስም ብዬ የወጣሁ ልጅ ነበርኩ።

ሰዓዳ ለሼህ ይመር አቤት አለች። የሰፈሩ ቅሬ ሰብሳቢ ናቸው፤ ቅሬ በኛ አገር ቀብሩንም ጠቡንም የሚያየው የጎረቤት ማኅበር ነው። ሼሁ እትዬ ዘሀራን ይዘው ክፍላችን ድረስ መጡና ባለችን አንዲት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የገብስ ቆሎ አቀረብን። በአንድ ክፍል ቤት የእንግዳ ክብር አልጋ ላይ ነውና፣ ብርድ ልብሱን አስተካክዬ «እትዬ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ» አልኳቸው። ተንኮል አልነበረኝም፤ ወላሂ፣ ልማድ ነው።

«ደህና ነኝ፣ ልቁም» አሉ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው።

«ኧረ ተቀመጪ ዘሀራ፣ እንግዳ አይቆምም» አሉ ሼሁ።

«ወገቤን ያመኛል።»

«ለወገብማ አልጋ ነው የሚሻለው!»

እትዬ ዘሀራ አልጋውን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፤ ንቅንቅ አላሉም። ሼህ ይመር የዘገኑትን ቆሎ መለሱት።

«ያ አላህ! አንቺ ለአፍታ የማትቀመጪበት ላይ የሰው ልጅ አስተኝተሽ ኪራይ ትጠይቂያለሽ?» ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «እናንተም፣ ቤት ይዞ ኪራይ መከልከል ሐቅ አይደለም። ኪራዩ እኔ ዘንድ ይቀመጥ። ቤቱ ይመረግ፣ መድኃኒት ይረጭ፤ ያኔ ትወስደዋለች። እስከዚያ ማንም አያስወጣችሁም።»

ሰዓዳ እልልታዋን ለቀቀችው። ግድግዳው ተመረገ፣ መድኃኒቱ ተረጨ፣ እኛም እንደ ሰው ተኛን። በፋብሪካው በር አንገቴን ቀና አድርጌ የገባሁበት ጠዋት ትዝ ሲለኝ ዛሬም ደስ ይለኛል።

አከራይ ከሆንኩ ወዲህ እትዬ ዘሀራን መረዳቴ አልቀረም፤ ቤቱን ሲነኩበት የማይቆጣ የለም። ቢሆንም ተማሪዋን ተከትዬ ገባሁ። ወንበሯን አቀረበችልኝ። «የለም ልጄ» አልኩና አልጋዋ ላይ ዘጭ አልኩ። መድኃኒት የሚረጨው ሰውዬ ጋ የደወልኩት ከዚያ ሳልነሳ ነው።