መጀመሪያ የእኛ እህል

ሰኞ ዕለት ወንድሜ ጌታሁን የወፍጮውን ድንጋይ ወቀረ። እኔ መዶሻ አቀበልኩ። ሲጨርስ ወገቡን ይዞ ቆመና «እሱ ተሳለ፣ እኔ ዶለዶምኩ» አለ። ሁለት ኪሎ ማሽላ በጣሳ ሰፍሮ ጥግ አስቀመጠ። በማግስቱ ውጫሌ ወርዶ ለሞተሩ መለዋወጫ ቺንጋ ሊገዛ፣ ሲመለስ ደግሞ ማሽላውን ሊፈጭ ነው። ሌላ ነገር አልነበረም። እራት በላን።

ወፍጮ ቤታችን ሐይቅ ከተማ ጫፍ፣ መንገድ ዳር ነው። አሥረኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ገባሁ፤ ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ቀኔ ድንጋዩ በተወቀረ ማግስት ነበር። አዲስ የተወቀረ ድንጋይ አሸዋ ይጥላል። ሰው ተሰልፏል። ወንድሜ ግን የቤታችንን ማሽላ ጨመረ።

«አያ፣ ይኼ አሸዋ አለው እኮ።»

«ለዚህ ነዋ የእኛ የሆነው።»

ዱቄቱን ቆንጥሮ በፊት ጥርሱ ነከሰ። መንቀጫቀጩ እስኪቀር የሰው እህል አያስገባም። ከተሰለፈው ግማሹ ወደ ማዶው ወፍጮ ሄደ።

«ሄዱ እኮ!»

«ጥርሳቸው ይመልሳቸዋል።»

አንዳንዶቹ ተመለሱ። ሁሉም አይደሉም።

አሸዋ ያለው ዱቄት አይደፋም፤ ቤት ይሄዳል። እናታችን አንዴ ታኝክና «ወቅራችኋል» ትላለች። ሌላ አትልም።

እህል ነጋዴው ጋሽ መኮንን ሁልጊዜ ይነዘንዘው ነበር።

«የማዶው ሰውዬ ሦስት ወፍጮ ተከለ። አንተ ባንድ ድንጋይ ልታረጅ ነው?»

«አቡነ ዘበሰማያት ስል የምለምነው የዕለቱን ነው። የዓመት የሚል ካገኘህልኝ ሁለተኛውን እገዛለሁ።»

«አንተማ መነኩሴ ነህ። እስጢፋኖስ ገዳም ግባ።»

«ወፍጮ አላቸው?»

በወቀረ ማግስት፣ ማክሰኞ፣ ወንድሜ ወደ ውጫሌ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። ረቡዕ ቀበርነው። አሮጌው ቺንጋ እስከ ዛሬ አልተበጠሰም።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ጆንያ አዝለው መጡ።

«አብሽር ልጄ። ለልቅሶው የሚሆን ማሽላ ነው። ማዶ ልወስደው አልኩና እግሬ እምቢ አለኝ።»

ወፍጮ ቤቱን ከፈትኩ። ጋሽ መኮንን ተከትሎን ገባ።

«በል ጨምረው። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነው። በልቅሶ እንጀራ አሸዋ አለው ብሎ የሚፈትሽ የለም።»

ልክ ነው፣ የሚፈትሽ የለም። ሰዉ ከሩቅ ነው የመጣው፤ እንጀራው አልቋል። የጆንያውን አፍ ፈታሁ። ቀና ስል ጣሳው ጥግ ላይ ነው። ወንድሜ እንደሰፈረው ነው።

«እትዬ ዘሀራ፣ ትንሽ ይቆዩኝ። መጀመሪያ የእኛ ነው።»

«መች አጣሁት። እሱም ሲያስቆመኝ ነው የኖረው» አሉና ጆንያቸው ላይ ተቀመጡ።

ሞተሩን አስነሳሁ። የጣሳውን ማሽላ ጨመርኩ። ነከስኩ፤ ተንቀጫቀጨ። ደግሜ ነከስኩ። በሦስተኛው ምንም አልተሰማኝም። የእሳቸውን ፈጨሁ።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። አሸዋው የባለወፍጮው ነው።

የእኛን ዱቄት ቤት ወሰድኩት። አንዲት ጎረቤት ቂጣ ጋገረችው። እናቴ ከቀበርነው ወዲህ እህል አልቀመሰችም ነበር። ቆረሰች፤ አንዴ አኘከች።

«ወቅራችኋል» አለች።

«አዎ» አልኳት።