ጥቁሩ የጦር አዛዥ ለምን አመነ

ልጅ ሳለሁ የቆቦ ሰው እናቴ የሠራችውን ድስትና ጀበና ይገዛ ነበር እንጂ ቤታችን ገብቶ አይቀመጥም ነበር። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል ስለሚባል ነው። እኔ ይህን በደንብ ያወቅሁት አራተኛ ክፍል ሆኜ ነው። ለምለም የምትባል፣ አንድ ወንበር ላይ አብራኝ የምትቀመጥ ጓደኛ ነበረችኝ። አንድ ቀን ምሳዋን ስትበላ አየኋት፤ ከሰዓት በኋላ ሆዷን ቁርጠት ያዛት። በማግስቱ እናቷ መጥታ ከአጠገቤ አስነሣቻት። ዓመቱን ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ ብቻዬን ተቀመጥሁ።

የሚገርመው ያኔ ማንንም አለመቀየሜ ነው። እውነት ይሆን እንዴ እያልሁ ራሴን መፍራት ጀመርሁ። በዚያው ሰሞን እማዬ ወንድሜን ወለደች፤ እኔ ግን ሕፃኑን አላየሁትም። ያዢልኝ ስትለኝ ፊቴን አዙሬ ነበር የምቀበላት። እሷ ቅናት መስሏት ዝም አለችኝ።

ቤታችን የሚመጡት ጋሽ ሰይድ ብቻ ነበሩ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ከእኛ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እማዬ ሸክላ በምትተኩስበት ቀን፣ አመሻሹ ላይ የቆላው ሙቀት በረድ ብሎ ኩበቱ ነዶ ፍሙ ብቻ ሲቀር፣ በርጩማ ስበው ይቀመጡና ጭሱ ያስለቀሰውን ዓይናቸውን እየጠረጉ ተረት ያወሩልን ነበር።

አንድ ምሽት ያወሩልን ግን ተማሪ ሳሉ ያነበቡትን የባሕር ማዶ ተውኔት ነው። በነጮች አገር የሚኖር አንድ ጥቁር የጦር አዛዥ ነበር አሉ። ጠላት ሲመጣ ይጠሩታል፤ ያሞግሱታል፤ ቤታቸውም ይጋብዙታል። የአንድ ባላባት ልጅ ወዳው ወዷት ባገባት ጊዜ ግን አባቷ፣ አፍዝ አደንግዝ አድርጎባት ነው እንጂ ልጄ ጥቁር አትወድም ብሎ ከሰሰው። ልጅቱ ዳኞች ፊት ቆማ ወድጄው ነው አለች። ኋላ ሹመት ነፈገኝ ብሎ የተቀየመ አንድ ወታደሩ፣ ሚስትህ ከሌላ ጋር ናት እያለ ሹክ ይለው ጀመር። ሰውየው አመነ። ሚስቱን በእጁ ገደላት፤ እውነቱ ሲገለጥ ደግሞ ራሱን ገደለ።

«ጋሼ፣ እንደምትወደው እያወቀ ለምን አመነ?» አልኋቸው።

ፍሙን በእንጨት ቆስቆስ አደረጉና፣ «ስለ ራሱ የሚባለውን አስቀድሞ አምኖት ነበራ፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔን የመሰለ ሰው እንዴት ይወደዳል ብሎ። ወታደሩ የጨመረበት ጥቂት ነው።»

ተነሥቼ ወደ ቤት ገባሁ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ፋኖሱን ከፍ አድርጌ ወንድሜን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ተኝቷል። ጉንጩን፣ ጨብጦ የያዛትን ጣቱን፣ ሁሉንም አየሁ። ሲነጋ ሮጬ ሄጄ እንደገና አየሁት፤ ደህና ነበር። ያኔ ነው አልቅሼ ለእማዬ ሁሉን የነገርኋት።

ለምለም ወደ ወንበራችን አልተመለሰችም። ዛሬም ቆቦ ገበያ ስንገናኝ ከሩቅ ሰላም እንባባላለን፤ ከዚያ አያልፍም።

ደሴ ኮሌጅ ስገባ ተውኔቱን ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ አነበብሁት። የጋሽ ሰይድን መልስ ከዳር እስከ ዳር ፈለግሁ፤ የትም ገጽ ላይ የለም። የራሳቸው ነበር። ለእረፍት ስመለስ ልጠይቃቸው ብዬ ነበር፤ ግን አልደረስሁባቸውም፤ በዚያው ክረምት ሞተው ተቀብረዋል። ያን ሁሉ ዓመት ለምን ብቻቸውን እንደኖሩ፣ ስለ እሳቸውስ ምን ይባል እንደነበር፣ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄአቸው አላውቅም።