ነጩ ካርድና የሂልቶፕ አጥቂ

ከኦሃዮ ወንዝ እስከ ኢሪ ሐይቅ ድረስ እንደኔ ያለ የእግር ኳስ ዳኛ አልተፈጠረም። ይህን የምለው በትሕትና ነው። የመጀመሪያ ቀን ሥራዬን ግን አለማየታችሁ ይሻላል። ሁለት የእጅ ሰዓት፣ ሁለት ካርድ፣ ለዕጣ የሚጣል ሳንቲምና ትርፍ ካልሲ ይዤ ሄጄ፣ ፊሽካውን ሬይኖልድስበርግ ቤቴ፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነበር።

የመጀመሪያውን አጋማሽ በከንፈሬ እያፏጨሁ ዳኘሁት። ተጫዋቾቹ አልሰሙኝም። የፓርኩ ውሾች ግን አንድም ሳይቀሩ መጡ፤ አርባ ነበሩ ብል አታምኑኝም፣ ስለዚህ ሠላሳ ስምንት ልበል። በእረፍት ሰዓት ሊገመግሙኝ የመጡት ሽማግሌ ዳኛ የራሳቸውን ፊሽካ ከአንገታቸው አውልቀው፣ በሸሚዛቸው ጠርገው ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲህ በሥራ ቀን አውቶቡስ እየነዳሁ፣ ቅዳሜና እሁድ እየዳኘሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ወደዚህ ሥራ ለመግባት ለምታስቡ አሠራሩ ይኸው፦ ከጨዋታው አርባ ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ። የጎሉን ቋሚ ነቅንቁ። መረቡ ቀዳዳ እንዳለው እዩ። የየተጫዋቹን ጫማ ገልብጣችሁ ጥርሱን በጣታችሁ ዳስሱ። ከዚያ የመስመር ዳኞቹን ኮል አድርጉ። ሁለቱም “ፓርኪንግ እየፈለግን ነው” ይሏችኋል። ከአልጋቸው አልወረዱም።

የሐበሻ ሊጋችን ስምንት ቡድን አለው። ችግሩ ስድብ ነበር። ቢጫ ካርዴ ከመመዘዝ ብዛት ነጥቷል። አንድ ቀን ኮሚቴው ፊት ቆሜ፣ ጥፋት ከምንቀጣ መልካም ጠባይ እንሸልም፣ ነጭ ካርድ ይኑረን፣ አንዱ ነጭ ካርድ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኝ አልኩ። ሊጉን የሚመሩት እትዬ ሮማን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

“ሰው ስላልተሳደበ ሊሸለም ነው? እንደዚያ ከሆነ የኔ ባል ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ስለሚውል ዋንጫ ይገባዋል።”

ቢሆንም ካርዱን ራሳቸው ቆርጠው፣ ላስቲክ አልብሰው ሰጡኝ።

ጥፋቴ ያገሬን ሰው መርሳቴ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ከከተማው ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ባለው ሜዳ፣ ኳስ ከመስመር ወጣች። አንዱ “ያንተ ነው፣ ወርውር” አለ። ሌላው “በሞቴ፣ አንተ ወርውር” አለ። “እኔ ልሙት!” “ኧረ እኔ ልቅደምህ!” ኳሷ መሬት ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። አንድ ተከላካይ አጥቂውን ጠልፎ ጣለና፣ ደግፎ አነሣው፣ ጉልበቱን አራገፈለት፣ ከዚያ የእናቱን ጤንነት ጠየቀ። ሁሉም በዓይኑ ጥግ ኪሴን ያያል። ያ የዘጠና ደቂቃ ጨዋታ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ ጎል የሚባል አልነበረም፣ ማን ደፍሮ ያግባ።

ደንቡን ለወጥነው። ነጭ ካርድ የሚሰጠው ራሱንና ቡድኑን የሚጎዳ እውነት በገዛ አፉ ለተናገረ ብቻ ሆነ። እትዬ ሮማን “ሳያመው የሰጠ አይቆጠርም” ብለው ፈረሙ። ከዚያ በኋላ ካርዱ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኪሴ አልወጣም። ሁለት ጊዜ ከቁምጣዬ ጋር ታጥቧል።

የዋንጫው ፍጻሜ ደረሰ። በአንድ በኩል የሬይኖልድስበርግ ቤተ ክርስቲያን ቡድን ከነመዘምራኑ ቆሟል። በሌላው በኩል ዋንጫ አንሥቶ የማያውቀው የሂልቶፕ ሰፈር ቡድን፣ ግማሾቹ ከመጋዘን ሥራቸው ሺፍት ተቀያይረው መጥተዋል። አጥቂያቸው ታምራት ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዳ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጎል ስላላገባ ጓደኞቹ “ጾመኛው” ይሉታል።

ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ ዜሮ ለዜሮ ናቸው። የማዕዘን ምት ተመታ፣ ሰው ተደበላለቀ፣ ታምራት ዘለለ፣ ኳሷ መረብ ውስጥ ገባች። ፊሽካዬን ነፍቼ ወደ መሐል ሜዳ ጠቆምኩ። ሂልቶፖች እንደ ጆንያ ላዩ ላይ ተከመሩበት። ጾሙ ተፈታ ብለው ያለቅሳሉ። ታምራት ከክምሩ ሥር ወጥቶ ቀስ እያለ ወደኔ መጣ።

“ጋሼ፣ በእጄ ነው” አለኝ።

“እርግጠኛ ነህ?” ዳኛው እኔ፣ እባክህ ተሳስቼ ነው በለኝ እያልኩ የምለምን እመስል ነበር።

“እጄ እኮ የራሴ ነው ጋሼ። አውቀዋለሁ።”

ጎሉን ሻርኩ። ነጩን ካርድ ከኪሴ አውጥቼ ከፍ አደረግሁ። በፍጻሜ ጨዋታ ነጥብ የሚባል ነገር ስለሌለ ለቡድኑ የሚያስገኘው አንዳች አልነበረም። የሂልቶፕ አሠልጣኝ ጋሽ ዘለቀ ኮፍያውን መሬት ላይ ጣለ።

“ታምራት፣ እንዲህ ጻድቅ ከሆንክ ቡድንህ እዚያ ማዶ ያለው ነው። መንገድ ተሳስተህ ነው እኛ ጋ የመጣኸው።”

መዘምራኑ ሳይቀሩ ሳቁ።

ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ሬይኖልድስበርጎች በመልሶ ማጥቃት አንድ አገቡና ዋንጫውን ወሰዱ። አምበላቸው ናትናኤል ግን ዋንጫውን ይዞ ሜዳውን አቋርጦ ሄደ። “ወንድሜ፣ አንተ ሳታነሣው እኛ አናነሣውም” ብሎ ታምራት እጅ ላይ አስቀመጠው። ሁለቱ ቡድኖች አንድ ላይ ጨፈሩ፤ ጋሽ ዘለቀም ኮፍያውን አራግፎ አጥልቆ ታምራትን አቀፈው። የዛሬን ምሬሃለሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት ግን የምትጫወተው እጅህን ኪስህ ከትተህ ነው አለው። ታምራት ካርዱን አልመለሰልኝም። ፎርክሊፍቱ ላይ ለጥፎት ይውላል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር ነው። ዳኛ ጨዋታው እስካልቀጠለ ድረስ ውሳኔውን መሻር ይችላል፤ ሕጉ ይፈቅድለታል፣ ስለዚህ ሲሳሳት ይሻር።

የሬይኖልድስበርግ ጎል ከጨዋታ ውጪ ነበር። የመስመር ዳኛ አልነበረኝም፣ እኔም ሩጫው ከብዶኝ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ። ግን ፊሽካዬን በነፋሁ በሁለት ሰከንድ ውስጥ አውቄዋለሁ፤ አጥቂው ከተከላካዮቹ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ነበር። ኳሷ መሐል ሜዳ እስክትደርስ ጊዜ ነበረኝ። በአንድ ጨዋታ ሁለት ጎል ለመሻር አፈርኩና ዝም አልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ጨዋታውን ስታይ የዋለችው ልጄ ከኋላ ወንበር “ዳዲ፣ ዛት ዎዝ ኦፍሳይድ” አለችኝ። ቀበቶሽን እሰሪ አልኳት። አስራው ነበር።