በአዳራሹ ስክሪን ላይ የታየው

አዳማ ውስጥ ኮምፒውተር በመጠገን ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከነዚያ ዓመታት ውስጥ አንዷን ቀን ግን እስከ ዛሬ መርሳት አልቻልኩም።

አንድ የግል ክሊኒክ ነበር። ካርድ ክፍል ያለችው ኮምፒውተር በቫይረስ እየተቸገረች ስለነበር በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጭኜላቸው ነበር። ቆይቶ ባለቤቱ ዶክተር ሁለተኛ ስክሪን ገዝተው ታካሚዎች ተራ በሚጠብቁበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ አሰቀሉና ጠሩኝ። የፈለጉት ነገር ቀላል ነው፤ ውስጥ ያለው ስክሪን የካርድ ሠራተኛዋ የምትሠራበት፣ አዳራሹ ያለው ደግሞ የተራ ቁጥር ብቻ የሚያሳይ እንዲሆን ነው።

ኬብሉን ስሰካ ሁለቱም ስክሪኖች አንድ ዓይነት ነገር አሳዩ። ትዕዛዝ ጽፌ ለየኋቸው። እንዲህ ያለው ትዕዛዝ ግን ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ አብሮ ይጠፋል። በቋሚነት እንዲቀመጥ ሌላ ሥራ አለው፤ ከዚያም አጥፍቶ አብርቶ ማየት ያስፈልጋል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ዓለም ጤና ከተማ ለቅሶ ነበረብኝ፤ ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ ቸኮልኩ። ነገ ጠዋት መጥቼ እጨርሰዋለሁ አልኩ በሆዴ። ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ስመለስ ረፍዶብኝ ነበር። በመሃል መብራት ሄዶ መጥቷል። ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን አስነስታ፣ እንደ ወትሮዋ ከላቦራቶሪ የደረሳትን ውጤት ከፈተች። አዳራሹ ያለው ስክሪን ከግድግዳው ማዶ ስለሆነ ለእሷ አይታያትም። እዚያ የተቀመጠው ሰው በሙሉ ግን አየ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ከሥሩም የእርግዝና ምርመራ ውጤት፣ ፖዘቲቭ።

ስሙ በአሰላ መንገድ ካለችው ደራ የመጣች፣ ሃያ ዓመት የሚሆናት ልጅ ስም ነበር። ሆዴን አመመኝ ስትል ያመጧት አባቷ ናቸው። እሷ ውስጥ ከነርሷ ጋር ሳለች እሳቸው ስክሪኑ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር።

ስደርስ ሠራተኛዋ ኬብሉን ነቅላ ታለቅሳለች። ልጅቷ አግዳሚው ጫፍ ላይ አንገቷን ደፍታለች። አባቷ ተነስተው ወጥተዋል።

"ምን ይደረግ፣ መብራት ነው" አሉኝ ዶክተሩ።

እኔም ልክ ነው እንደማለት ራሴን ነቀነቅኩ።

ኮምፒውተሩን አስተካክዬ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት። ሁሉም ደህና ሆነ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ሄጄ ጥፋቱ የኔ እንጂ የመብራት እንዳልሆነ ነገርኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። አባቷ የት እንደሄዱ አይቼ እንደሆን ብቻ ጠየቀችኝ።

ልፈልጋቸው ወጣሁ። መናኸሪያ፣ የአሰላ መኪኖች የሚቆሙበት ጋ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የካርድ ሠራተኛዋ በነገረችኝ አረንጓዴ ኮፍያቸው ነው የለየኋቸው። በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው፤ በአማርኛ መለሱልኝ። የሆነውን ሁሉ፣ ለቅሶውንም መቸኮሌንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

"እናቷ ከሞተች ወዲህ የምንደባበቀው ነገር አልነበረም" አሉ። "ትነግረኝ ነበር። ቀኑ ሲደርስላት ራሷ ትነግረኝ ነበር። አሁን ምኑን ትንገረኝ?" አሉ።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ይቅር ብዬሃለሁም አላሉ፣ አልተቆጡኝምም። ብቻዋን እንደሆነች ጠየቁኝና አዎ ስላቸው ተነሱ። በባጃጅ ወደ ክሊኒኩ ተመለስን።

እኔ በር ላይ ቀረሁ። ቆይተው አብረው ወጡ። ቦርሳዋን እሳቸው ይዘውላታል፤ እሷ ጥቂት ወደ ኋላ ቀረት ብላ ትከተላለች። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ቆመው ጠበቋት።

ከዚያ ገብቼ ለዶክተሩ እውነቱን ተናገርኩ። እሳቸውም ቀድሞ መብራት ነው ሲሉኝ ለምን ራሴን እንደነቀነቅኩ ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ ለሥራ አልጠሩኝም።