ደምስሶ መጀመር የሚወደው ጠጋኝ

መምህርቷ አልነሣ ያላትን ላፕቶፕ ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። የሟች እናቷ እንጉርጉሮ ተቀድቶ የቀረው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ጠጋኙ ፊት ለፊቷ የተጠበሰ ድንች እየጎረሰ፣ በዚያው ቅባታም ጣቱ የራሱ ኮምፒውተር ላይ አዲስ ሲስተም ይጭናል። እጅጌው ወዝ ጠግቦ ያብለጨልጫል፤ በቁልፎቹ መካከል የስንት ቀን ፍርፋሪ፣ የተቆረጠ ጥፍር ሳይቀር ተሰግስጓል። ላፕቶፗን ወደ ራሷ ሳበች።

«የትኛውን ሲስተም ልጫንልሽ፣ እህቴ?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«ሁሉም ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሱ፣ በነጻ የሚታደሉ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ኡቡንቱ እንግዳ ሲያይ ከደጅ ሮጦ ይቀበላል፤ ፈገግታው በዛና አንገሸገሸኝ። ዴቢያን ጭምት ሽማግሌ ነው፤ አንድ ቃል ለመናገር ሁለት ዓመት ያስባል። አርች ደግሞ ቤቱን ራስሽ ካልሠራሽ አያስገባሽም። ኤዲያ፣ ኩራቱ!» ብሎ አጠገቡ ያለው የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ እንትፍ አለ።

«ሁሉንም ሞክረሃቸዋል?»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ። አንዱ ሲያስጠላኝ ዲስኩን ሙልጭ አድርጌ እደመስስና ሌላውን እጭናለሁ።»

«ፎቶ፣ ደብዳቤ… የምታስቀረው የለም?»

«ምን ሊሠራልኝ? የሠርጌም ፎቶ አብሮ ሄዷል። ሚስቴ ሁለት ዓመት ታገሠችኝ፤ ከዚያ እሷም ሄደች።» ሳቀ። ጥርሱ ላይ ድንች ተለጥፏል።

ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ እጁን ወደ ላፕቶፑ ዘረጋ። «አምጪው፤ ከባዶ መጀመር እኮ ነው የሚያምረው።»

መምህርቷ ብድግ አለች። «የእናቴን ድምፅ እንዳንተ ላለ ሰው አልሰጥም!»

በሩን ስትከፍት ከኋላዋ እንደ እሹሩሩ የለሰለሰ ድምፅ ሰማች። ዞር ብላ ብታይ፣ ጠጋኙ አዲስ የጫነው ሲስተም ስክሪኑ ላይ ብልጭ ማለት ጀምሯል፤ እሱም አጎንብሶ፣

«አይዞህ የኔ ልጅ፣ ቀስ ብለህ ተነሥ» ይለዋል፤ «አንተን እንኳ አልተውህም።»