የግማሽ ዙር እጅ

በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ሰፈሩ በሙሉ «ግማሽ ዙር» ነው የሚለው፤ እሱም ቅር አይለውም። ቡሎን አጥብቆ ከጨረሰ በኋላ ቁልፉን ከማንሳቱ በፊት ትንፋሹን ዋጥ ያደርግና ግማሽ ዙር ይጨምርበታል። «ይቺ ለእንቅልፌ ናት» ይላል። የሱ ጋራዥና የኔ ብረት መቅረጫ፣ ቶርኖ ቤቴ፣ የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው፤ ይቺን «ለእንቅልፌ» ሠላሳ ዓመት ሰምቻታለሁ። ስንት ተቆርጦ የቀረ ቡሎን ቆፍሬ እንዳወጣሁለት እኔ ነኝ የማውቀው።

ቤቱም አልተረፈም። ቧንቧው፣ የስኳሩ ዕቃ፣ የዘይቱ ጠርሙስ፣ እሱ የዘጋው ነገር ሁሉ ጎረቤት ካልታከለበት አይከፈትም። ባለቤቱ ጠርሙሷን ታቅፋ ስትመጣ ደንበኞቼ ይስቃሉ። ሞርሳ፣ ብረት መያዣው ማለት ነው፣ ላይ አስሬ እከፍትላታለሁ፤ እሷም ሰውየውን እየረገመች ትሄዳለች። እርግማኑ ከአንገት በላይ ነው። ነገሩ ከየት እንደመጣ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ጋራዡን በከፈተ በዓመቱ የታናሽ ወንድሙን መኪና ጎማ ይቀይር ነበር። መሐል ላይ ሰው ጠራው፤ ሲመለስ ቡሎኖቹን ያጠበቀ መሰለውና መኪናዋን ሰጠው። ጎማው ቁልቁለት ላይ ወለቀ። ወንድሙ አልተረፈም። ግማሽ ዙሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ እቀልድበታለሁ እንጂ አንድ ቀንም ተው ብዬው አላውቅም።

ዘንድሮ ግን የገዛ እጁ ጉድ ሠራው። ሲስተር የምንላቸው ጡረታ የወጡ አዋላጅ አሉ። አሮጌ መኪናቸው የዓይናቸው ብሌን ናት፤ ምጥ የያዛት ሴት ስንቴ ተጭናባታለች። አሁንም የታመመች እህታቸውን በሳምንት ሁለቴ ሐኪም ቤት ያመላልሱባታል። የሙቀት መለኪያው መርፌ አልነሳ ስላላቸው አምጥተው ለግማሽ ዙር ሰጡት። ሙቀቱን የሚያነበውን ሴንሰር ሲፈታው፣ እሱን አጥብቆ የሚይዘው የቀዳዳው ጥርስ ተልጦ እንደ ፀጉር ተጠቅልሎ አብሮ ወጣ። ቀዳዳው ያለበት ቴስታታ፣ የሞተሩ ራስ ማለት ነው፣ አሉሚኒየም ነው። ለስላሳ ነው። መኪናዋን የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ሌላ ቴስታታ አይገኝም።

አዲሱን ሴንሰር ነጭ ቴፕ ጠቅልሎበት አስገባው። በቀዳዳው የሚፈሰው የሞተር ውሃ ቆመ፤ መርፌው ግን አልተነሳም። ሴንሰሩ በጥርሱ በኩል ብረት ካልነካ አያነብም። ቴፑን ሲቀንስለት ውሃው ፈሰሰ። ይኼኔ እንደ ልማዱ ግማሽ ዙር ጨመረ፤ የተረፈችውም ጥርስ ተበላች።

ሐሞቱ ፈስሶ ወደ እኔ መጣ። ማን እንደነካካት እንጃ እያለ ጀመረኝ። እኔም አንዳንዴ ክፉ ነኝ።

«ካንተ በቀር ማን ነክቷት ያውቃል?» አልኩት።

መዳፉን አየ። «በሃያ ዓመት እኔው ነኝ የጨረስኳት» አለ። አንጀቴን በላው።

መድኃኒት አለው፤ ቀዳዳውን አስፍቶ፣ አዲስ ጥርስ አውጥቶ፣ ከውስጥም ከውጭም ጥርስ ያለው የነሐስ ቀለበት ማስገባት። ነገር ግን የቀዳዳው ግድግዳ ስስ ነው፤ ከተሰነጠቀ መኪናዋ አበቃላት። መጀመሪያ እንሥራውና ሲሳካ ለሲስተር ትነግራቸዋለህ አልኩት። እምቢ አለ። ሄዶ ሁሉንም፣ የወንድሙን ነገር ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ነገራቸው። ሲስተርም እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ሃያ ዓመት መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም» አሉት። «እሱም ባንተ እጅ ነው። በል ሥራ።»

ቀለበቱን እኔ ቶርኖ ላይ አወጣሁ። እሱ የብረት ብናኙ ሞተሩ ውስጥ ውሃ ወደሚዞርበት ክፍል እንዳይገባ ጥርስ ማውጫውን ግሪስ ቀብቶ ቀዳዳው ውስጥ አቆመው። ይህ ሥራ ችኮላ አይወድም፤ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ወደኋላ፣ እንደገና ግማሽ ዙር። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ግድግዳው አልተሰነጠቀም። ቀለበቱን በማጣበቂያ አስገብተን አሳደርነው።

በማግስቱ ሲስተር ራሳቸው ቆመው እያዩት፣ እሱ ሴንሰሩን አስገባ። በጣቱ አዞረው፤ ከዚያ በቁልፍ። ቦታው ላይ ቁጭ አለ። ይኼኔ የምፈራት መጣች፤ ትንፋሹን ዋጥ አደረገ። እኔ አንድ እርምጃ ጠጋ አልኩ። ከዚያ ምንም ሳይጨምር ቁልፉን አነሳና ኪሱ ከተተው።

ሞተሩ ተነሳ። መርፌው ቀስ እያለ መሐል ድረስ ወጥቶ ቆመ፤ ጠብ ያለ ውሃ የለም። እሱ ግን አላመነም። ሦስት ጠዋት እሳቸው ደጅ እየሄደ መኪናዋ ሥር ተንበርክኮ መሬቱን በመዳፉ ዳሰሰ። ደረቅ ነበር።

በአራተኛው ቀን ባለቤቱ ጠርሙሷን ይዛ መጣች። ልማዴ ነውና ተቀብዬ ወደ ሞርሳው ዞርኩ።

«ተወው፣ ክፍት ነው» አለችኝ። ፊቷ ልክ አልነበረም። «አሞታል እንዴ? እሱ የዘጋውን ዛሬ እኮ ራሴ ነኝ የከፈትኩት።»

የሆነውን ነገርኳት። መቀመጫ ስቤ ሰጠኋት። ክዳኑን በሁለት ጣቷ ዘጋችው፤ ከፈተችው፤ እንደገና ዘጋችው። ከዚያ ጠርሙሱን ጭኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች።